አምፖሉ መብራቱን ብቻ አትዩልን፤ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍም ለኩልን

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ማዕከላት
ለመለዋወጫ አስመጪዎችና ለሶማሌ ተራ ነጋዴዎች
እንዲሁም ፒካፕ ለምትነዱ ወገኖቼ በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ሥራዬ መንዳት ነው። ከዚያ በፊት የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ቆይቻለሁ። አሁን ደብል ጋቢና ፒካፕ ይዤ ሰውና ዕቃ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ፣ አንዳንዴም ወደ አዋሽ አመላልሳለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ማታ ማታ መንገድ ላይ የማየው ነገር እያደር ስለከፋብኝ ነው። ሰው ሳይሞትበት ሊስተካከል የሚችል ነገር ስለሆነም ነው።

ጉዳዩ የፊት መብራትና ፍሬቻ ነው። ከገበያ እየተገዛ ፒካፕ ላይ የሚገጠመው ኤል ኢ ዲ አምፖልና ሙሉ የመብራት ቤት (መስታወቱና አንጸባራቂው አንድ ላይ)።

ማታ የሚነዳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ከፊት የሚመጣው መኪና ረጅም መብራት የለቀቀ ይመስላል። አጭር እንዲያደርግልን ብልጭ እናደርግለታለን። እሱም ተናዶ በእውነት ረጅሙን ይለቅብናል። ያኔ ይገባናል፤ የቅድሙ አጭሩ ነበር! ሰውዬው ምንም አላጠፋም። ሕጉን ጠብቆ አጭር አድርጎ እየመጣ ነበር። ያጠፋው አምፖሉ ነው።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ዓይን በብርሃን ተመትቶ እስኪመለስ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሲያልፍ ስንት ሜትር በጭፍን እንደተነዳ አስቡት። የእኛ መንገድ ደግሞ ባዶ አይደለም። ከሸዋ ሮቢት ወዲያ ማዶ ዳር ዳሩን ሰው ይሄዳል። ከገበያ የሚመለስ አለ፣ አህያ የሚነዳ አለ፣ የኋላ መብራት የሌለው ባጃጅ አለ። አካፋይ ባለው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ችግሩ ትንሽ ይቀላል። ከአዳማ አልፎ ወደ አዋሽና ወደ ሚሌ ሲኬድ ግን ወጪና ወራጁ በአንድ ጠባብ አስፋልት ላይ ፊት ለፊት ነው የሚተላለፈው፤ የጅቡቲው ከባድ መኪና ሁሉ እዚያው ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ላስረዳ። ብዙዎቹ ፒካፖቻችን ኤች 4 የሚባለውን የሃሎጅን አምፖል ነው የሚጠቀሙት። 12 ቮልት ላይ ለረጅሙ 60፣ ለአጭሩ 55 ዋት ነው። ውስጡ ሁለት የሽቦ ክሮች አሉ። አጭሩን የሚሰጠው ክር ከሥሩ ትንሽ የብረት ጽዋ አለችው። ጽዋዋ ወደ ታች የሚሄደውን ብርሃን ትጋርዳለች። ያ ብርሃን ሳይጋረድ አንጸባራቂው ላይ ቢያርፍ ተገልብጦ ወደ ላይ፣ ወደ ሰው ዓይን ይሄድ ነበር። የመብራቱ ቤት ሲሠራ ክሩ የሚቀመጥበት ቦታ በሚሊ ሜትር ተለክቶ ነው። ግድግዳ ላይ ሲበራ ከላይ ጨለማ፣ ከታች ብርሃን ሆኖ በቢላ የተቆረጠ የመሰለ መስመር የሚያሳየው ለዚህ ነው።

ኤል ኢ ዲው ክር የለውም። በአንድ ሰሌዳ ግራና ቀኝ የተለጠፉ ጥቃቅን ብርሃን ሰጪዎች ናቸው። ሰሌዳው ወፈር ካለ፣ ወይም ብርሃን ሰጪዎቹ ከክሩ ቦታ ትንሽ ከራቁ፣ መስመሩ ይበላሻል። ሲገጠምም ሁለቱ ጎኖች በትክክል ወደ ግራና ወደ ቀኝ መመልከት አለባቸው። ገጣሚው ቀለበቱን ትንሽ አዙሮ ከቆለፈው ብርሃኑ ወደ ሰማይና ወደ ሰው ዓይን ይበተናል። ባለመኪናው ግን ዛፉንም፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶውንም፣ የሰዉንም ፊት ፏ አድርጎ ሲያሳየው ደስ ይለዋል። ለመንዳት የሚያስፈልገው አስፋልቱ ላይ ራቅ ብሎ የሚያርፈው ብርሃን ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚቀንሰው እሱ ነው።

ጣርማ በርን ክረምት ላይ ማታ ያለፈ ሰው ይህን በደንብ ያየዋል። ጭጋግ ውስጥ ወደ ላይ የሚተፋው ብርሃን ተመልሶ የሚመጣው በነጂው ላይ ነው። ከፊት ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ከዋሻው በፊትና በኋላ ያለው ጠመዝማዛ በዚያ ሁኔታ የሚነዳ አይደለም።

የሶማሌ ተራ ወንድሞቼ፣ እናንተን ጥፋተኛ ለማድረግ አልተነሳሁም። የጠየቁትን ነው የምታቀርቡት። ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እንዳለ አትመኑት። አንድ ሱቅ ገብቼ የአንዱን አምፖል ካርቶን ሳነብ 200 ዋት ይላል። «እውነት ነው ይሄ?» ብዬ ስጠይቅ ልጁ «ኸረ አጋንንት ነው፣ ቀን ያደርገዋል!» አለኝ። 200 ዋት በ12 ቮልት ከ16 አምፔር በላይ ነው። የፒካፕ የፊት መብራት ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ነው። ቁጥሩ እውነት ቢሆን ፊውዙ ሊበጠስ ይችል ነበር። ያን ያህል ሙቀትም በዚያች አውራ ጣት በምታክል ማራገቢያ አይወጣም። ደንበኛው ቁጥሩን አይቶ ገንዘቡን ይከፍላል። ቁጥሩ ግን ለሽያጭ የተጻፈ ነው።

ከአምፖሉ የባሰ ግን ብዙ ሰው ልብ ያላለው ሌላ ጉዳይ አለ። ሙሉው የመብራት ቤት።

እኛ የምንነዳው በቀኝ ነው። ስለዚህ አጭሩ መብራት ወደ ቀኝ፣ ወደ መንገዱ ዳር ትንሽ ከፍ ብሎ እግረኛውን እንዲያሳይ፣ ወደ ግራ ደግሞ ዝቅ ብሎ ከፊት የሚመጣውን እንዳያስቸግር ተደርጎ ነው የሚሠራው። በግራ በሚነዱ አገሮች ይህ ይገለበጣል። ፒካፕ በብዛት የምታመርተው ታይላንድ በግራ ነው የምትነዳው። ጃፓንም፣ አውስትራሊያም፣ ጎረቤታችን ኬንያም እንዲሁ። ለእነዚያ አገሮች ገበያ የተሠራ መብራት እኛ ጋ መጥቶ ሲገጠም ከፍ የሚለው ጎን በትክክል ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ያርፋል። አምፖሉ ኦርጅናል ቢሆንም፣ አገጣጠሙ እንከን ባይኖረውም ይኸው ነው።

አንድ ወዳጄ ለሂሉክሱ አዲስ ጥንድ መብራት ገዝቶ አስገጠመ። በጣም የሚያምር ነው፤ ጥቁር ውስጥ፣ ዙሪያውን የብርሃን ቀለበት ያለው። አመሻሽ ላይ መኪናውን ከአንድ ግንብ ፊት አቆምነውና አጭሩን አበራን። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። ከመሃል ጀምሮ ግን ወደ ግራ እንደ ዳገት ከፍ ይላል። በጨርቅ አንዱን ሸፍነን ሌላውን አየን። ያው ነው። ከዚያ መስታወቱን በስልክ መብራት አየነው። ከታች ጥግ ላይ ክብ ውስጥ ኢ ፊደልና ቁጥር አለ። ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ቀስት። ከመኪናው ፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው ወደ ቀኙ የምታመለክት አንዲት ቀስት ካለች መብራቱ በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው። ቀስት ከሌለ በቀኝ ለሚነዳ ነው። ባለ ሁለት ጫፍ ቀስት ከሆነ ለሁለቱም ይሆናል። ወዳጄ ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶበት ስለነበር ሲያየው ፊቱ ጥቁር አለ። የሸጠለትም ሰው ቀስቷ ምን እንደምትል የሚያውቅ አይመስለኝም። አስመጪዎች ግን ልታውቁ ይገባል። ከፋብሪካ ስታዝዙ «በቀኝ ለሚነዳ አገር» ብላችሁ እዘዙ። በርግጥ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ላይ ምልክቱም ተመስሎ ሊታተም ይችላል። የመጨረሻው ዳኛ ግድግዳው ነው።

አሁን ስለ ሹፌሩ ልናገር። ሰው ይህን አምፖል የሚገዛው ሌላውን ሊጎዳ ፈልጎ አይደለም። አላይ ብሎት ነው። መኪኖቻችን አርጅተዋል። አዲስ መግዛት የጥቂቶች አቅም ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ ያለውን መኪና ጠግኖ መንዳት የበለጠ ግድ ሆኗል። የመብራቱ መስታወት ፕላስቲክ ስለሆነ ፀሐይ ሲመታው ይቢጫል፣ ይደበዝዛል። ሹፌሩ አምፖሉ የደከመ መስሎት ጠንከር ያለ ይፈልጋል። በደበዘዘ መስታወት ውስጥ ጠንካራ አምፖል ሲገባ ግን ብርሃኑ የበለጠ ይበተናል። መጀመሪያ መደረግ ያለበት መስታወቱን ማጽዳት ነው። በውሃ የረጠበ የአሸዋ ወረቀት ይያዝና ከ800 ቁጥር ወደ 1500፣ ከዚያ ወደ 2000 እየተሄደ ይታሻል። በፖሊሽ ይለሰልሳል። ከላይ ፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ ይነፋበታል። ቫርኒሹ ካልተነፋ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይቢጫል። በጥርስ ሳሙና ማሸት የሚባለውም ለጊዜው ብቻ ነው።

ሁለተኛው የሽቦ ነገር ነው። በዚህ ላይ ከልቤ እናገራለሁ፤ ብዙ ዓመት በእጄ የነካሁት ነውና። የሃሎጅን አምፖል ለቮልት በጣም ስስ ነው። የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ቢቀንስ ብርሃኑ በሲሶ ገደማ ይወርዳል። ባረጀ ፒካፕ ላይ ኃይሉ ከባትሪ ተነስቶ በማብሪያው፣ በቀጭን ሽቦ፣ በዛገ ማያያዣ ዞሮ ነው አምፖሉ ጋ የሚደርሰው። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ 14 ቮልት ቢለካም አምፖሉ ጋ 12 ብቻ ሊገኝ ይችላል። መድኃኒቱ ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያገናኝ ማብሪያ ማለት ነው። ወፈር ባለ ሽቦ፣ በራሱ ፊውዝ፣ በቀጥታ ከባትሪው ኃይል ማምጣት። የመሬት ሽቦውን ደግሞ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ማሰር። ይህ ከተደረገ ያው የድሮው 55 ዋት አምፖል ሌላ አምፖል ይመስላል። የትኛውም ደህና የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ለሚያብረቀርቀው ካርቶን ከሚወጣው ገንዘብም ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ፒካፕ የሆነ እንደሆነ ሌላም አለ። ካሶኒው ላይ ሲሚንቶ ወይም ጤፍ ሲጫን ኋላው ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሳል። ባዶውን ሆኖ የተስተካከለ መብራት ሲጫን ዓይን ይመታል። ለዚህ ነው ብዙ ፒካፖች ዳሽቦርድ ላይ፣ በመሪው በግራ በኩል፣ 0፣ 1፣ 2፣ 3 የተጻፈበት ትንሽ የሚሽከረከር ቁልፍ ያላቸው። ሲጫን ቁጥሩን ከፍ ማድረግ መብራቱን ያወርደዋል። ሲራገፍ ወደ 0 ይመለሳል። ይህን ቁልፍ አንድም ቀን ነክተውት የማያውቁ ሹፌሮች ብዙ ናቸው። ከገበያ የተገዛ የመብራት ቤት ሲገጠም ደግሞ የቁልፉ ሞተር ሳይያያዝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ወገኖቼ፣ ከጋራዥ ስትወጡ ቁልፉን አዙራችሁ ግድግዳው ላይ ብርሃኑ ሲወርድ ካላያችሁ አትቀበሉ።

ፍሬቻም ችላ ተብሏል። የፍሬቻ አምፖል 21 ዋት ነው። ኤል ኢ ዲው ከዚያ በጣም ያነሰ ኃይል ነው የሚወስደው። የቆየው ብልጭ አድርጊ ሪሌ ኃይሉ ሲያንስበት «አንዱ አምፖል ተቃጥሏል» ብሎ ይረዳና በጥድፊያ ያብለጨልጫል። ጤነኛ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ነው የሚበራው። ከዚያ ሲያልፍ ከኋላ ላለው ሰው የፍሬቻ መልእክት መሆኑ ይቀርና የሚንቀጠቀጥ መብራት ይሆናል። ገጣሚዎች ይህን ለማስተካከል ማሞቂያ የመሰለ፣ ኃይል የሚበላ ሬዚስተር ያስገባሉ። ሬዚስተሩ ግን እጅ ያቃጥላል። ፕላስቲክ ላይ ወይም ከሽቦ ጥቅል ጋር በቴፕ ታስሮ ሲገኝ አይቻለሁ። ፕላስቲኩ ቀልጦ፣ የሽቦው ልባስ ተልጦ። ሬዚስተር የግድ ከተባለ ብረት ላይ በቡሎን ይታሰር። ሪሌው ለብቻው የሚነቀል በሆነበት መኪና ላይ ደግሞ ለኤል ኢ ዲ የተሠራ ብልጭ አድርጊ ሪሌ መቀየር ይሻላል፤ ሙቀት የለውም፣ ሽቦ አይቆረጥም።

ቀለሙስ? ፍሬቻ ብርቱካናማ ነው። አሁን ቀን ነጭ እየበራ፣ ሲታጠፉ ወደ ብርቱካናማ የሚቀየር አምፖል በዝቷል። ርካሹ ዓይነት ሲቀየር ነጩ በደንብ አይጠፋም። በቀትር ፀሐይ ከፊት ያለ ሰው መታጠፋችንን ሳያውቅ ይቀራል። ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ልጆች በዚህ በጣም ይጋለጣሉ። ከፒካፕ ጎን ሲያልፉ የሚያምኑት ፍሬቻውን ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው።

ለክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች። ኤል ኢ ዲ ይታገድ አልልም። ፋብሪካው ራሱ ለኤል ኢ ዲ ብሎ የሠራው መብራት በጣም ጥሩ ነው። የምጠይቀው ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ የሚገባው አምፖል መስፈርት እንዲኖረው ነው። ጀርመን ለረጅም ጊዜ ይህን ጨርሶ ከልክላ ቆይታ በ2020 በፈረንጆች አቆጣጠር በሃሎጅን ቦታ የሚገባ አንድ የኤል ኢ ዲ አምፖል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀደች። ፈቃዱ ለሁሉም መኪና አልነበረም። አምፖሉ ተፈትኖ ላለፈባቸው፣ በስም ለተዘረዘሩ የመኪና ሞዴሎች ብቻ ነው። እኛም ከሂሉክስና ከዲ ማክስ እንጀምር። መንገዳችንን የሞሉት እነሱ ናቸው። የትኛው አምፖል በየትኛው ቤት ውስጥ መስመሩን ጠብቆ እንደሚበራ ተፈትኖ ዝርዝር ይውጣ። ነጋዴው ያንን ይዞ ያስመጣል፣ ገዢውም ያንን ይጠይቃል። የግራ አገር የመብራት ቤትም ጉምሩክ ላይ በቀስቷ ይለይ። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም፣ የሚያይ ሰው ይበቃል።

ለምርመራ ማዕከላት። ቦሎ ላድስ በገባሁባቸው ቦታዎች «አብራ፣ አጥፋ፣ ፍሬቻ ግራ፣ ቀኝ» ተብዬ አልፌያለሁ። መብራቱ የት እንዳረፈ ያየልኝ አልነበረም። የብርሃኑን መስመር በሌንስ አንስቶ በሰሌዳ ላይ የሚያሳይ በጎማ የሚገፋ መለኪያ አለ። ያላችሁ ተጠቀሙበት። የሌላችሁ ደግሞ ሜዳ የሆነ ወለልና ነጭ ግድግዳ አላችሁ። መኪናው ከግድግዳው 10 ሜትር ይቁም። የመብራቱ መሃል ከመሬት ያለው ከፍታ ይለካና ግድግዳው ላይ በኖራ ይሰመር። የአጭሩ መብራት የጨለማና የብርሃን ድንበር ከዚያ መስመር ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ባለ ፒካፕ 15 ቢሆን ይመረጣል። ከፍ የሚለው ጎን ወደ ቀኝ መሆኑ ይታይ። ለአንድ መኪና ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

የመጀመሪያውን ዓመት ቅጣት አይሁን። ያላለፈው ሹፌር «መስመሩ ከፍ ብሏል» ወይም «ቤቱ የግራ አገር ነው» የሚል ወረቀት ይሰጠውና አስተካክሎ ይመለስ። ብዙው መስተካከል የሚያስፈልገው ከመብራቱ ጀርባ ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ ማዞር ብቻ ነው። ሹፌር ምክንያቱ ሲነገረው ያስተካክላል። እኔ ከባልደረቦቼ ጋር ይህን በየመናኸሪያው ስናገር እምቢ ያለኝ ሰው የለም። «ማን ነግሮን ያውቃል?» ነው የሚሉት።

ፒካፕ ለምትነዱ ወገኖቼ ደግሞ። ወረቀትና መመሪያ እስኪመጣ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ከግድግዳ ፊት አቁማችሁ እዩት። ሰው መንገድ ላይ ደጋግሞ ብልጭ ካደረገባችሁ አትናደዱ፤ ወርዳችሁ መብራታችሁን ተመልከቱ። ኦርጅናሉን አምፖል ስታወጡም አትጣሉት። ኤል ኢ ዲው በረሃ መሃል ማራገቢያው ቆሞ ሲጠፋ በእጃችሁ ከሌለ ችግር ነው።

ሚኒስቴሩና የምርመራ ማዕከላት ይህን የግድግዳ ልኬት ከሚቀጥለው የቦሎ እድሳት ጀምሮ በአንድ ከተማም ቢሆን እንዲሞክሩት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሙከራው አዲስ አበባ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ከሆነ መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ። ሪሌ አሠራሩንም፣ መስታወት አስተሻሸቱንም ለገጣሚዎች በነፃ አሳያለሁ። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፒካፕ ሹፌር
አዲስ አበባ